ኦቦ ነገሳና የፊት ፍሬኑ

ሰበታ፣ ጥቅምት

ውድ ወንዲ፣

እጅህ እንዴት ሆነ? ጄሶው ውስጡን እያሳከከህ በሹራብ መሥሪያ ሽቦ እንደምትቆረቁረው እህትህ ሩቲ ነግራኛለች። ተው። እኔ የላምና የበግ ሐኪም ብሆንም ቆዳ ያው ቆዳ ነው፤ ታቆስለዋለህ።

ደብዳቤ የምጽፍልህ አምሮኝ አይደለም። ስደውል አታነሳም። መልእክት ስልክልህ አይተህ ዝም ትላለህ። ቡራዩ ድረስ መጥቼ በራችሁን ሳንኳኳ እማማ ወርቅውሃ «ተኝቷል ልጄ» አሉኝ፤ እሳቸው ይህን እያሉኝ አንተ ከጓዳ ስታስነጥስ ሰማሁህ። እናትህን እንዲዋሹ ማድረግህ ከሁሉም በላይ አናዶኛል። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ በእህትህ እጅ ልኬልሃለሁ። ሳትጨርስ እንዳትነሳ። እሁድ በርህን የሚያንኳኩ ሰዎች አሉ፤ ለምን እንደመጡ ቀድመህ ማወቅ አለብህ።

የመጨረሻ መልእክትህ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። «ኦቦ ነገሳ ልክ ናቸው። ልገድልሽ ነበር። ሞተሯን ለፈለገ ሰው ስጡልኝ።» ሳነበው መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ። ለቅሶው አልፏል፤ ንዴቱ ግን ይኸው አብሮኝ አለ። የማገባው ሰው ስለ ሕይወቴ ወስኖ ሲያበቃ እንደ ባንክ ማስታወቂያ በአጭሩ ይልክልኛል? አሁን የምታውቀውንም ጭምር እደግምልሃለሁ፤ የምታውቀው ግማሹን ብቻ ነውና።

ሽማግሌዎችህ እኛ ቤት የመጡ ዕለት አባዬ፣ አንተ አቶ እንደማለት «ኦቦ ነገሳ» የምትለው፣ የመለሰላቸውን ታስታውሳለህ። አንተ ውጭ አጥሩ ሥር ቆመህ ትጠብቅ ነበር፣ እኔ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። አባዬ ጉሮሮውን ጠርጎ እንዲህ አለ፦ «ልጁን አልጠላሁትም። ሥራውንም አይቻለሁ፤ የጎረቤቴን የገለቴን የአሉሚኒየም መስኮት የሠራው እሱ ነው፣ ንፋስ አያስገባም። ግን እኔ በር ላይ ሊቆም ፈልጎ ገለቴ በር ላይ የሚቆም ሰው ነው። መጀመሪያ ያቺን ነገር ማቆም ይቻል፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ አፌን ይዤ ሳቅኩ፤ ይቅር በለኝ። እውነቱን ነበር እኮ። ያቺ ቀይ ሞተርህ የፊት ፍሬኗ ሲያዝ መሪው በእጅህ ውስጥ ይርገበገብ ነበር፤ ዲስኮቹ ሳስተውም ተጣመውም ነበርና። እኔ በመንግሥት ሞተር ከገበሬ ገበሬ ስዞር የምውል ሰው ነኝ፣ ፍሬን ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ኋላህ ተቀምጬ ስንሄድ ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ዓይኔን እጨፍን እንደነበር ግን አልነገርኩህም። እንዲህ ሆኖ የእኔና የአንተ ትዳር በሁለት የፊት ፍሬን ዲስኮች ላይ ተንጠለጠለ። ሌላው ሰው ለሠርጉ አዳራሽ ሲመርጥ እኛ ብረት መምረጥ ጀመርን።

መጀመሪያ የሄድነው ሱሉልታ፣ ዲኖ ጋ ነበር። የተጋጩ ትልልቅ ሞተሮችን እየገዛ፣ ዕቃቸውን እየፈታ የሚሸጠው። ሞተሯ አዲስ አበባን አቋርጣ ማለፍ ስለማይፈቀድላት አሮጌዎቹን ዲስኮች ፈትተህ በጆንያ ጠቅልለህ በሚኒባስ ሄድን። ረዳቱ «ድስት ነው?» ሲልህ «አዎ» ብለህ እስከ ሱሉልታ ጭንህ ላይ አቅፈሃቸው ነበር። ዲኖ «ፈያዳ?» ብሎ ደህንነትህን ሲጠይቅህ ያችኑ የምታውቃትን አንዲት ቃል «ፈያ» ብለህ መለስክና ኦሮምኛህ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ ተነጋገርኩ። ከአንዲት ሰማያዊ ሞተር ላይ የተፈታ ጥንድ ዲስክ አወጣልን። ሲያዩት ደህና ይመስላል። ወደ ብርሃን ሳዞረው ግን አንደኛው ዳሩ ላይ ሰማያዊ ቀለም ይዟል፤ ብረት ከልክ በላይ ሲግል የሚይዘው ዓይነት። ዲኖም አልደበቀንም። እንግዲያው አንዱን ብቻ ቀይሩ፣ የግራው ዲስካችሁ ገና ነው አለ። አንተ ልትስማማ ራስህን መነቅነቅ ጀምረህ ነበር። እኔ ደግሞ አንድ እግሩ ጤነኛ፣ አንድ እግሩ ያበጠ በሬ እንዴት እንደሚያርስ ስለማውቅ እንቢ አልኩ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አኩርፈህ በመስኮት ስታይ ነበር።

ቀጥሎ እዚያው ሰፈርህ ቡራዩ ያለው ብረት መላጫ ቶርኖ ቤት ሄድን። ባለቶርኖው አሮጌዎቹን ልጦ እንደ መስታወት ሊያስተካክላቸው ቃል ገባ። አያስተካክላቸውም አልልም። ነገር ግን ዲስኩ ላይ ከዚህ በታች ከሳሳ እንዲጣል የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል፤ ያንተው ዲስክ ገና ሳይላጥ ቁጥሩ ላይ ደርሷል። ቁጥሩን ሳሳየው ባለቶርኖው በአውራ ጣቱ ሸፈነውና «ፈረንጅ ሁሌ ያካብዳል» አለኝ። አንተ ሳቅክ። እኔ ዲስኩን ከእጁ ወስጄ ወጣሁ፤ አንተም እየሳቅክ ተከተልከኝ።

ከዚያ ሚንሃ መጣች፤ ከዱባይ በሻንጣ ዕቃ የምታመጣው ጓደኛችን። ሁለት አዲስ ጥንዶች ነበሯት። አንደኛው ጥንድ ጠርዙ እንደ አበባ የተቀረጸ፣ መሃሉ ወርቃማ። ሌላው ድፍን ክብ፣ መሃሉ ጥቁር፣ ሲያዩት ምንም የማይል። አንተ ገና በፎቶው ወርቃማውን ወደድከው። እየደወልክ ስለ ማማሩ ስትነግረኝ እኔ ጥቁሩ ይሻላል ብዬ በረንዳው ላይ እየተንጎራደድኩ «ወንዲ፣ ሕይወታችን እኮ በነዚህ በሁለቱ ብረቶች ላይ ነው» እያልኩ እጮህብህ ነበር። ግቢው ሁሉ ይሰማኛል። እማዬ «እነዚህ ልጆች ሌላ ወሬ የላቸውም ወይ?» ትል ጀመር።

ሚንሃ ቤት ሄደን አሮጌውን ዲስክ በአዲሶቹ ላይ ስደርብ የወርቃማው የብሎን ቀዳዳዎች ትንሽ ሸሹ። የሞተሯ ዓይነት አንድ ቢሆንም የወጣችበት ዓመት ይለያያል። ሚንሃ ችግር የለም፣ በመሰርሰሪያ ትንሽ ማስፋት ነው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው አለች። እውነቷን ነው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። አንተ ወርቃማውን በእጅህ እንደያዝክ ቆየህ። አሉሚኒየም እየቆረጠ የሚውል ሰው የሚያምር ብረት ሲያይ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልተናገርኩም፤ ደክሞኝ ነበር። ከዚያ ወርቃማውን መልሰህ ሳጥኑ ውስጥ አስገባህና «ጥቁሩን ስጪን» አልካት። ዲስኩን የሚጨብጠውን የፍሬን ሸራም፣ አዲስ ዲስክ በአሮጌ ሸራ አይያዝም ብለህ አብረህ ገዛህ። ወንዲ፣ እንደማገባህ እርግጠኛ የሆንኩት ያን ጊዜ ነው፤ ሽማግሌ የላክህ ዕለት አይደለም።

ሌላ ሰው አያስረውም ብለህ በገዛ እጅህ አሰርካቸው። ብሎኖቹን በአንዴ ሳይሆን ከአንዱ ወደ ተቃራኒው እየዘለልክ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቅካቸው። ከዚያ በመናገሻ መንገድ ላይ ቀስ እያልክ፣ እየያዝክ እየለቀቅክ፣ አዲሱ ሸራ ከአዲሱ ዲስክ ጋር እስኪላመድ ነዳህ። ይህን ሁሉ በስልክ ስትነግረኝ ድምፅህ የልጅ ድምፅ ነበር።

እሁድ ዕለት በምሳ ሰዓት መጣህ። አባዬ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሳላጋንን እነግርሃለሁ፣ ሞተሯ ልክ በራችን ደፍ ላይ፣ ከደፉ አንድ ጣት ያህል ቀርቷት ቀጥ አለች። ያኔ ዘልዬ ባቅፍህ ደስ ይለኝ ነበር፤ አባቴ ፊት ስለሆነ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። አባዬ ዙሪያዋን ዞረ። ጎንበስ ብሎ አየና «የሚያቆማት የቱ ነው?» አለኝ። ሁለቱንም ዲስኮች በጣቴ አሳየሁት። ነካ አደረገና «ሞቀዋል» ብሎ ወደ ከብቶቹ ሄደ። በቃ። አንተ ጆሮዬ ሥር መጥተህ «አልወደዱትም» አልከኝ፤ እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

ምሳ ላይ አባዬ ዘግይቶ ገባ። ጊደሯ በረቱን ጥሳ ወጥታ ነው አለ። እጁን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ ተቀመጠና በላ። አንተ የበላኸውን አላጣጣምከውም፤ እማዬ በኋላ «ለልጁ ጨው በዛበት እንዴ?» ብላኛለች።

ከዚያ የሆነውን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ግን እኔ ያየሁት አንተ ካየኸው ይለያል። እኔን ኋላህ ጭነህ ከበራችን ወደ አስፋልቱ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ያዝክ። ምንም የለም። ደግመህ ያዝክ። ትከሻህ ሲጠነክር ተሰማኝ። የኋላውን ረገጥክ፤ ጎማው ተንሸራተተ እንጂ አልቆመም። ፊት ለፊታችን አስፋልቱ ላይ አንድ አይሱዙ እየመጣ ነበር። ያኔ መሪውን ወደ ገለቴ አጥር መልሰህ፣ አጥሩን ጥሰህ ቦዩ ውስጥ አስገባኸን። እኔ ሣር ላይ ወደቅኩ፣ ጉልበቴ ብቻ ተላጠ። አንተ ሞተሯ እኔ ላይ እንዳትወድቅ በእጅህ ስትገፋት አንጓህ ተሰበረ። አንተ ልገድልሽ ነበር ትላለህ፤ እኔ የማስታውሰው መሪውን ወዴት እንዳዞርከው ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እነዚያን ጥቁር ዲስኮች እንድንገዛ መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ። ክሊኒክ ውስጥ እጅህን ሲያስሩልህ «አንቺ ነሽ ጥቁሩን ያልሽው» የሚለውን ስጠብቅ ነበር። አላልክም። ብሎኑን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብቻ አልክ።

ሞተሯን የሰፈር ሰዎች ጎትተው ግቢያችን አስገቧትና ላስቲክ አለበስናት። ማንም ሊያያት አልፈለገም። አባዬ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሰው አልሆነም። ወተት ሲወሰድ አይቆጣም፣ ሬዲዮ አይከፍትም። እኔ «ልክ ነበርኩ» ማለቱን እየጠበቅኩ መልሱን በልቤ አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ዓይኔን እንኳ አያይም።

አሁን ወደማታውቀው ግማሽ ደርሻለሁ።

ሰሞኑን እማዬ ድመታችንን ስታሳድድ ነው የከረመችው። ከሳህኑ ላይ ለጋ ቅቤ ጎድሏል፣ ሌባዋ ድመቷ ናት ብላ። ሐሙስ ጠዋት ለሥራ ልወጣ ስል ድመቷ ላስቲኩ ሥር ገብታ አየኋት። ላስቲኩን ስገልጥ የሞተሯን የቀኝ ዲስክ እየላሰች ነው። እየላሰች ነው እልሃለሁ፣ ዓይኗን ጨፍና። አባረርኳትና ዲስኩን በጣቴ ነካሁት። ይንሸራተታል። አሸተትኩት። እኔ ስንት ላም የማክም ሰው ነኝ፣ ቅቤ አይጠፋኝም። የግራው ቦዩ ውስጥ ገብቶ ጭቃ ስለነበረበት ሳጥበው እሱም ከጭቃው ሥር እንዲሁ። በሁለቱም፣ በሁለቱም ገጻቸው፣ ምንም ሳይዘለል ተቀብቷል። የፍሬን ሸራዎቹም ጠግበው ጠጥተዋል።

ወንዲ፣ ቀጥሎ ያለውን መጻፍ ይከብደኛል። አባቴን ጠረጠርኩት። «የሚያቆማት የቱ ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ በጣቴ ያሳየሁት እኔው ራሴ ነኝ። ምሳ ላይ የዘገየው፣ እጁን በጋቢ የጠረገው፣ ከዚያ ወዲህ ዓይኔን የማያየው፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። አንተን እንቢ ማለት አቅቶት እንዲህ አደረገ ብዬ አሰብኩ። እኔ ኋላህ እንደምቀመጥ እያወቀ! ሥራዬን ትቼ እንደዚያው ቅቤ በነካ ጣቴ በረት ሄድኩ። አባዬ ለጥጆች ሣር እየጣለ ነበር።

ያወራነው በኦሮምኛ ነው፤ ለአንተ ስል በአማርኛ እጽፈዋለሁ። ጣቴን ዘርግቼ ሞተሯ ላይ ቅቤ የቀባው ማነው አልኩት። ይደነግጣል ብዬ ነበር። አልደነገጠም።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሌላ ማን ሊቀባ ነው? የዚህ ቤት አባት እኔ አይደለሁም?»

ለምን አልኩት። ሣሩን አስቀመጠና እንደ ሞኝ አየኝ።

«ስንት ሳምንት ሙሉ በረንዳው ላይ ቆመሽ ሕይወታችን በነዚህ በሁለቱ ብረቶች ላይ ነው ስትይ ስሰማ ከረምኩ። ሕይወታችሁ በነሱ ላይ ከሆነ ሌላ ምኑን ልመርቅ?»

ወንዲ፣ አባቴ መርቆን ነው። አዲስ የገባ ወይፈን ጀርባ ላይ እንደሚቀባው፣ የእህቴ ልጅ ስትወለድ ግንባሯን እንደቀባው፣ በሁለት እጁ ቅቤ ይዞ፣ እኛ ምሳ ስንበላ እሱ ሞተሯ አጠገብ ተንበርክኮ፣ እየመረቀ ቀባው። ዲስኩ ከመንገድ ሙቀት ስላልበረደ ቅቤው ቀልጦ ገብቷል፤ ስንወጣ ያላየነው ለዚህ ነው። ለምርቃት የሚታሰረውን እርጥብ ሣር እንኳ መሪው ላይ አላሰረም። ሽማግሌ ፊት ገና እንነጋገራለን ያለ ሰው መልሱን በሽማግሌ እንጂ በሞተር ላይ አይሰጥም፤ ስለዚህ ሰው እንዲያውቅበት አልፈለገም። በሩ ላይ ስትቆም ግን ልቡ ፈቅዷል። በሚቀጥለው እሁድ ሽማግሌዎችህን ሊያስጠራ ወስኖ ነበር።

ልንገረው አልንገረው እያልኩ አመነታሁ። ዝም ብል ይሻል ይሆን? የስልሳ ዓመት ሰው ምርቃትህ ልጅህን ቦይ ውስጥ ጣላት ይባላል? ግን ሳልነግረው ብቀር አንተን ማን ይመልስልኛል? እጁን ይዤ ወደ ሞተሯ ወሰድኩት። ይህ ብረት የሚያቆማት በሸራው ተይዞ ሲተሻሽ ነው፣ ቅቤ ሲነካው ሸራው መያዝ ያቅተዋል፣ ያንሸራትታል አልኩት። ጣቱን ዲስኩ ላይ አስሄደ። ዕድሜውን ሙሉ ሞፈርና ቀንበር ሲያስር የኖረ ሰው ነው፤ ሁለቴ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«እና የወደቃችሁት በቅቤው ነው?»

«በቅቤው ነው አባዬ።»

«በሌላ አይደለም?»

«በሌላ በምንም አይደለም።»

ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ይሰበርብኛል ብዬ ፈርቼ ትከሻውን ያዝኩት። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ጎንበስ ብዬ ፊቱን ሳይ እያለቀሰ ይስቃል። እኔ እኮ፣ አለኝ፣ ምርቃቴ ተመልሶብኝ ነው ብዬ ነበር። አሥር ልጅ መርቄ፣ ይህን ያህል ከብት መርቄ፣ በተራዬ የራሴን ልጅ ስመርቅ ዋቃ እጄን መለሰብኝ፣ ይህ ጋብቻ አይፈቀድም አለኝ ብዬ ነበር። ለዚህ ነው ዓይኔን ማየት ያቃተው። ልቡ የፈቀደውን ሰው ፈጣሪ ከለከለኝ ብሎ እንዴት እንደሚነግረኝ ሲጨነቅ ነው የሰነበተው። ከዚያ ዓይኑን ጠረገና «ዋቃ አልጠላቸውም ማለት ነው፤ ቅቤው ነው» አለ። ይህን ለራሱ ነው የተናገረው።

ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቁ ቆመ። «የልጁን እጅ የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለ።

እንግዲህ ሁለታችሁንም ተመልከት። አንዱ ቡራዩ ጓዳ ውስጥ ተደብቆ ጥፋቱ የእኔ ነው ይላል፤ አንዱ ሰበታ በረት ውስጥ ተቀምጦ ጥፋቱ የእኔ ነው ይላል። እኔ መሃላችሁ ሆኜ ማንን ልቆጣ? ማንም አላጠፋም ወንዲ። ብሎኖቹን ልክ አድርገህ አስረሃቸዋል፤ አንድ በአንድ በቁልፍ ፈትሼአቸዋለሁ፣ የላላ የለም። ዲስኮቹም ልክ ናቸው፣ ምርጫችን ልክ ነበር። ከላም መርፌ በፊት በምጠቀምበት አልኮል አጥቤአቸው ያበራሉ። ሸራዎቹ ግን ቅቤ ስለጠጡ አይድኑም፤ ሌላ እንድታመጣ ለሚንሃ ነግሬአታለሁ። ሞተሯን ለማንም አልሰጥም። ሁለተኛ መንዳት ባትፈልግ ግን አልከፋም፤ እኔ የማገባው አንተን ነው፣ በባጃጅም ቢሆን እንሄዳለን። ብቻ በፍርሃት ተሸንፈህ አትተዋት። በእኔ ስም ደግሞ ከእኔ አትሽሽ።

እሁድ የሚመጡት ሰዎች የአባዬ ሽማግሌዎች ናቸው። አዎ፣ የአባዬ። ሦስት ናቸው፣ ፊት የሚቀመጡት ኦቦ ተሾመ ናቸው። እማዬ ይህን ስትሰማ የሴት አባት ወንድ ቤት ሽማግሌ ሲልክ የት ታይቶ ያውቃል፣ ሰው ምን ይለናል ብላ ራሷን ይዛ ነበር። አባዬም «የሰው እጅ የሰበረ ሰው ሽማግሌ ይልካል። የሴት አባት ነኝ ብዬ የምቀርበት ሕግ የለም» አላት። ከዚያ ወዲያ ማንም አልተከራከረውም። ገለቴ እንኳ አጥሯን አፍርሰንባት ስታበቃ ሽማግሌዎቹ የሚይዙትን ማር ልስጥ ብላ መጥታለች።

ሁለት ጉዳይ ይዘው ነው የሚመጡት። መጀመሪያ ስለ እጅህ ይቅርታ ይጠይቁሃል። እባክህ እንደ ልማድህ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ «ምንም አይደል» አትበላቸው፤ ያን ያህል መንገድ የመጡት እንዲናገሩ ነው፣ እስኪጨርሱ ስማቸው። ሲጨርሱ «ገለቶማ»፣ አመሰግናለሁ፣ በል፤ ይህችን ቃል ሩቲ ታለማምድህ፣ ኦቦ ተሾመ ደስ ይላቸዋል። ቀጥሎ ለሽማግሌዎችህ ያልተሰጠውን መልስ ይሰጡሃል። መልሱን አውቀዋለሁ፣ ግን እኔ ልነግርህ አይገባም። የሰማሁት ከመጋረጃው ጀርባ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ልማዱ አባዬ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንዲመጣ አይፈቅድም፤ ላኪ ቤቱ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀው። እሱም እቀመጣለሁ ብሏል። ነገር ግን ትናንት ጫማውን ሲያስጠርግ አይቼዋለሁ፤ ሽማግሌዎቹን የሚያመጣውን ባለ ሚኒባስም እናንተ በር አጠገብ ጥላ ያለው ማቆሚያ ይኖር እንደሆነ ሲጠይቀው ሰምቻለሁ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ እንዳትቀበላቸው ፈርቶ በሩን ሲያይ ታገኘዋለህ። ሽማግሌዎቹን አስገብተህ አስቀምጣቸው። ከዚያ ተነስና ውጣ። የሚኒባሱን በር በደህናው እጅህ ክፈትለትና «ኦቦ ነገሳ፣ ይግቡ» በለው። ሌላ ምንም አትጨምር፤ እኔ እንደነገርኩህም አታሳውቀው።

ያንተው
ኤቢሴ